የደገማችሁት ኮርስ አሜሪካ ሜዲካል ስኩል ስታመለክቱ እንዴት ነው የሚቆጠረው

ባለፈው እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ትራንስክሪፕቷን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጀመሪያ ዲ አምጥታ ደግማው ኤ አገኘች፣ ኮሌጇም ዲውን ከጂፒኤ ስላወጣላት በቃ ጠፍቷል ብላ ነበር። አልጠፋም!

ለኤምዲ፣ ማለትም ለተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ፣ የሚመለከትበት የጋራ ማመልከቻ አምካስ ይባላል፣ እሱ ኮሌጃችሁ ምንም ይበል ሁለቱንም ነው የሚቆጥረው። እዛው ሶፍት ላይ ሰራሁላት፦ ኮርሱ 4 ክሬዲት ነው፣ ዲ 1 ሲባዛ በ4 ያው 4፣ ኤ 4 ሲባዛ በ4 16፣ ድምሩ 20 ለ8 ክሬዲት ሲካፈል 2.5። ኮሌጇ ግን 4.0 ነው የሚላት፣ ልዩነቱን አያችሁ?

ስለዚህ ሳታመለክቱ በፊት ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ እራሳችሁ አስሉት፣ የባዮሎጂ የኬሚስትሪ የፊዚክስና የማትሱን ደግሞ ለብቻ ምክንያቱም እነሱም ለብቻ ያሰሉታል። ፎርሙ ላይ ሁለቱንም ሙከራ አስገቡ፣ የተደገመ መሆኑንም ምልክት አድርጉበት፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ስለሚያመሳክሩት የዘለላችሁት ነገር ይታያል።

ለዲኦ፣ ማለትም ኦስቲዮፓቲክ ለሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ፣ የሚያመለክት ካለ የእነሱ የጋራ ማመልከቻ አኮማስ ድሮ አዲሱን ውጤት ብቻ ነበር የሚይዘው፣ በፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ ግን እሱም ሁሉንም ይቆጥራል፣ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ እንዳትሸወዱ።

ዲ ወይ ኤፍ ከሆነ ድገሙት፣ ብዙ ትምህርት ቤት ከሲ በታች አይቀበልም። ሲ ፕላስ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ከመድገም ባዮኬሚስትሪ ወስጄ ኤ ባመጣ ይሻለኛል።