ድሬዳዋ ላይ መሠረት ከመጣልዎ በፊት፦ የኤስፒቲ የአፈር ምርመራ እንዴት ይሠራል?

ኤስፒቲ (ስታንዳርድ ፔኔትሬሽን ቴስት) በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቱቦ በመዶሻ እየመቱ የአፈሩን ጥንካሬ በምት ብዛት የሚለኩበት ሙከራ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከላይ አሸዋ ያያሉ፤ ትንሽ ሲቆፈር ጠጠር ይመጣል፤ ከጠጠሩ ሥር ደግሞ እንደገና ልል አሸዋ ሊገኝ ይችላል። በደንገጎ በኩል ካለው ከፍታ በየክረምቱ የሚወርደው ጎርፍ ለዘመናት እየደራረበ ያስቀመጠው ነው። በተለይ የደቻቱን ወንዝ ተከትሎ፣ በከዚራ ሰፈርም ይሁን በመጋላ በኩል፣ የጎረቤት ምርመራ ለእርስዎ ቦታ ዋስትና አይሆንም።

መጀመሪያ የሚቆፈርበት ነጥብ ይመረጣል። ይህን ኢንጂነሩ ፕላኑን ይዞ፣ ከባድ ኮለን (ምሰሶ) የሚያርፍበትን አይቶ ይወስናል እንጂ ማሽኑ ገብቶ እንዲቆም በሚመቸው ቦታ አይወሰንም። ጥልቀቱም እንዲሁ ነው፦ 2 ሜትር ስፋት ያለው ፉቲንግ (ከኮለን ሥር ያለ የመሠረት ኮንክሪት) ከሥሩ እስከ 4 ሜትር ገደማ ያለውን አፈር ይጫናል። ማት ፋውንዴሽን (ሕንፃውን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የመሠረት ኮንክሪት) ከታሰበ የበለጠ ይወረዳል።

ቀጥሎ ቁፋሮ። አሸዋው ከተደረመሰ ጉድጓዱ በብረት ቱቦ ይደገፋል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም ወለሉ ይጸዳል። የከርሰ ምድር ውሃ ከተገኘ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከዙሪያው ዝቅ እንዳይል ይሞላል፤ አለዚያ አሸዋው ከታች ወደ ላይ ይገፋና የምቱ ቁጥር ያለ አግባብ ይወርዳል።

አሁን ዋናው ሥራ። ናሙና የሚይዘው ቱቦ በዘንጉ ጫፍ ይገጠምና ጉድጓዱ ወለል ላይ ያርፋል። ዘንጉ ላይ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ምልክት በጠመኔ ይደረጋል። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በነፃ እየወደቀ ይመታል፤ ለእያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ስንት ምት እንደፈጀ ይጻፋል። የመጀመሪያው አይደመርም፤ ያ አፈር በቁፋሮው ተረብሿል። የቀሩት የሁለቱ ድምር ኤን ቁጥር ይባላል፤ 6፣ 9፣ 12 ከተመዘገበ ኤን ቁጥሩ 21 ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በየ1.5 ሜትሩ፣ አፈሩ ሲለወጥም ይደገማል።

መዶሻው በገመድ የሚሳብ ከሆነ እዚያው ቆመው ይመልከቱ። በድሬ ፀሐይ ከረፋዱ በኋላ የደከመ ሠራተኛ መዶሻውን 76 ሳያደርስ ሊለቀው ይችላል፤ ያኔ ምቱ ይበዛና አፈሩ ከሆነው በላይ ጠንካራ ይመስላል። እኔ ብሆን ትንሽ ጨምሬም ቢሆን አውቶማቲክ መዶሻ ያለውን እመርጣለሁ። የመዶሻው ዓይነት መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ኢንጂነሩ ቁጥሩን፣ ከመዶሻው ሙሉ የውድቀት ጉልበት 60 በመቶው ወደ ዘንጉ ሲደርስ ወደሚገኘው ቁጥር የሚያስተካክለው በእሱ ነው።

በአንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 50 ምት ከሞላ ሙከራው ይቆማል። «አለት ደረስን» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ አይመኑ። የቱቦው አፍ ውስጡ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚያ የሚተልቅ ድንጋይ ይዘጋዋል። ጎርፍ ያመጣው ቋጥኝም ከሥሩ ልል አሸዋ ተኝቶ 50 ምት ይሰጣል። አለት ከተባለ ጥቂት ሜትር በኮር (ድንጋዩን እንደ ዘንግ ቆርጦ በሚያወጣ መሰርሰሪያ) ቆፍረው የወጣውን ድንጋይ በዓይንዎ ያሳዩዎት።

ቱቦው ለሁለት ሲከፈት ናሙናው በላስቲክ ታሽጎ፣ የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀቱ ተጽፎበት ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። የውሃው ልክ በማግሥቱ እንደገና ይለካ።

ለአሸዋ ኤን ከ10 በታች ልል፣ ከ10 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል፤ ከተማዋ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። ለሸክላ አፈር ግን በዚህ ቁጥር ብቻ መወሰን አይበቃም። ደረቅ ልል አፈርም ጥሩ ቁጥር ሰጥቶ ውሃ ሲገባበት ሊሰምጥ ስለሚችል፣ ሴፕቲክ ታንኩ የት እንደሚሆን ለኢንጂነሩ አስቀድመው ይንገሩ።

ሪፖርቱን ፋይል ውስጥ አይቅበሩት። የፉቲንግ ጉድጓድ ሲከፈት የወጣው አፈር ከመዝገቡ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ኮንክሪት ሳይሞላ ኢንጂነሩ መጥቶ ይይ።