አሮጌ የመስታወት ብይ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይሰበሰባል?

አሮጌ ብይ ላይ የሠሪው ስም የለም። ዓመት አልተጻፈበትም፣ አገሩም አይታወቅም። ሳጥኑ ወይም ከረጢቱ አብሮት ከቆየ እሰየው፣ ካልቆየ ግን በእጃችሁ ያለው ማስረጃ መስታወቱ ራሱ ብቻ ነው። ደግነቱ መስታወት አሠራሩን አይደብቅም። እንዴት እንደተሠራ ካወቃችሁ ደግሞ የትና መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ብዙ አይቀራችሁም።

ጀማሪ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለም አይቶ ይሸነፋል። ባለፈው ወር ከፋብሪካ የወጣ ብይ ከመቶ ዓመቱ ብይ በላይ ሊያምር ይችላል፤ በቀለም ብቻ ከሄዳችሁ ትሳሳታላችሁ። ስለዚህ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ ከቀለሙ በፊት ጫፎቹን እዩ። ክብ ነገር ምን ጫፍ አለው ትሉ ይሆናል። አለው። የቀለጠው መስታወት የተቆረጠበት ቦታ ምልክት ይተዋል፣ የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕቃችሁን አዘጋጁ

10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ ጥሩ የጠረጴዛ መብራት እና ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃችኋል። ጠረጴዛው ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ አንጥፉ። ብይ ይንከባለላል፣ አንዴ ጠንካራ ወለል ላይ ከወደቀ ደግሞ ሲጠበቅ የኖረው ነገር ሁሉ በአንድ ሰከንድ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚያ አንድ በአንድ እጠቡ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ጣታችሁ። ሁሉንም አንድ ላይ ሳህን ውስጥ አፍስሳችሁ አትሹ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የፈላ ውሃም አትጠቀሙ፤ መስታወቱ ሲሠራ በደንብ ሳይበርድ ቀርቶ ውስጡ ውጥረት ካለ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ብርጭቆ ወረቀትና መወልወያ ማሽን ደግሞ ጭራሽ አይታሰቡም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ጫፉን ፈልጉ

ብዩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ መብራት ሥር በቀስታ አዙሩት። ዓይናችሁ በላዩ ላይ የሚሄደውን የመብራቱን ነጸብራቅ ይከተል። ነጸብራቁ ሳይሰበር ከሄደ ገጹ ለስላሳ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ እዚያው ቁሙ፣ አጉሊ መነጽሩን አምጡ፣ በጥፍራችሁም ዳስሱት።

ሻካራ፣ የተቆረጠ ወይም በድንጋይ የተሞረደ የሚመስል ጠባሳ ካለ ፖንቲል የሚባለው እሱ ነው፤ ብዩ በእጅ ተሠርቷል ማለት ነው። ወዲያው ወደ ተቃራኒው ጫፍ አዙሩት፣ ብዙዎቹ በሁለቱም በኩል አላቸው። ጠባሳ ሁሉ ግን ፖንቲል አይደለም። ተመቶ የተሸረፈ ቦታ ከውስጥ ያብረቀርቃል፣ እንደ ዛጎልም የተገመሰ ቅርጽ አለው፣ የትም ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ፖንቲል ግን የቀለም ክሮቹ ተሰብስበው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። ክሮቹን በዓይናችሁ ተከተሉ፣ ራሳቸው ያደርሷችኋል።

ሻካራ ነገር ከሌለ ሌላ ምልክት ፈልጉ። በአንዱ ጫፍ ቀለሙ የ9 ቁጥርን ቅርጽ ይዞ ይጠቀለላል፣ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ አጭር የመቁረጫ መስመር ይታያል። ይህን ያገኘ ሰው ደስ ይበለው! መስታወቱ በሰው እጅ ከምድጃ ወጥቶ ማሽን ያከበበው፣ በሁለት ዘመን መካከል የቆመ ብይ ነው።

ሁለቱም ከሌሉ፣ ገጹ ዙሪያውን ለስላሳ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠራ ነው ብላችሁ ተነሱ።

በእጅ የተሠሩት

የእነዚህ አገር በአብዛኛው ጀርመን ነው፣ በተለይ በቱሪንጊያ ያለችው ላውሻ የምትባል የመስታወት ሠሪዎች ከተማ። በ1846 አካባቢ እዚያ ለብይ መሥሪያ የሚሆን ልዩ መቀስ ተፈጠረ፤ በጫፉ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ያለው መቀስ ነው። ሠሪው ባለ ቀለም የመስታወት ዘንጎችን በእምብርቱ፣ ማለትም በመሀል ባለው መስታወት ዙሪያ ያሰልፋል፣ በንጹህ መስታወት ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ ይስባል፣ ያጣምማል፣ ከዚያ በመቀሱ ጎድጓዳ አክብቦ ይቆርጣል። እንዲህ ከተዘጋጀው አንድ ወፍራም ዘንግ ብዙ ብይ ይወጣል። ሁለት ጠባሳ የሚኖረውም ለዚህ ነው፣ በሁለቱም በኩል ተቆርጧላ። ከዘንጉ ጫፍ የወጣው ግን ንድፉ መሀል ላይ ይቋረጣል ወይም ከመሀል ይጀምራል፤ አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን ለብቻው ያሳድደዋል።

ዓይነቱን የምትለዩት እምብርቱን አይታችሁ ነው። በመሀሉ ነጭ ወይም ቢጫ ቀጫጭን ክር እንደ መረብ ከተጠላለፈ ላቲቺኒዮ ይባላል፣ እንዲህ ተጣመው ከተሠሩት ብዮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነጩ ነው። እምብርቱ ድፍን ከሆነ ድፍን እምብርት፣ ተለያይተው የቆሙ ባለ ቀለም ገመዶች ከሆኑና በመሀላቸው ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ የተከፈለ እምብርት፣ አንድ ወይም ሁለት ጠፍጣፋ ጥብጣብ ከሆነ ደግሞ ሪባን። ቀለሙ እንደ ክር ሳይሆን እንደ ተረጨ ነጠብጣብ ተዘርግቶ መላውን ከሸፈነው የሽንኩርት ልጣጭ የሚሉት ነው፤ የጋለው መስታወት በባለ ቀለም ፍርካሽ ላይ ተንከባሎ የሚሠራ ነው። ውስጡ ወርቅ መሳይ ብናኝ ካለ ሉትዝ ነው። ወርቅ ግን አይደለም፣ የመዳብ ቅንጣት ነው። ብር የመሰለ ስስ ቅርፊት ከሆነ ሚካ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሰልፋይድን ነው። ንጹህ መስታወት ውስጥ አንበሳ፣ ውሻ ወይም በግ ቁጭ ብሎ ታያላችሁ። ምስሉ ከነጭ ሸክላ መሳይ ነገር የተቀረጸ ሆኖ ሳለ ብር የሚመስለው በእሱና በመስታወቱ መካከል ስስ የአየር ሽፋን ስለቀረ ነው። ሰልፋይድ ብዙውን ጊዜ ተለቅ ያለ ነው። ከእንስሳ የሰው ምስል ይበልጥ ብርቅ ነው፣ መስታወቱ ራሱ ባለ ቀለም ከሆነ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጀርመን ንግድ ተቋረጠ፣ ገበያውም ወደ አሜሪካ ማሽኖች ዞረ።

በማሽን የተሠሩት

ማርቲን ፍሬድሪክ ክሪስቴንሰን የሚባል ሰው በኦሃዮ አክረን ውስጥ ብይ የሚያከብብ ማሽን ሠርቶ በ1905 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ያቺ የ9 ቁጥር ምልክት በብዛት ከእሱ ፋብሪካ ብዮች ጋር ትያያዛለች። ፋብሪካው በ1917 ተዘጋ። ሌሎቹን ፋብሪካዎች በንድፋቸው ነው የምትለዩአቸው፦

አክሮ አጌት በ1914 ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ክላርክስበርግ ተዛውሮ እስከ 1951 ሠርቷል። መለያው እንደ ቡሽ መክፈቻ ብረት እየተጠመዘዘ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወርድ የቀለም ጥብጣብ ነው። ቀለሞቹ ጎን ለጎን ይዞራሉ እንጂ አይደባለቁም።

ክሪስቴንሰን አጌት በስም ቢመሳሰልም ሌላ ፋብሪካ ነው። በ1925 ተቋቁሞ በ1933 ተዘጋ። ዕድሜው አጭር፣ ቀለሙ ግን ዓይን የሚወጋ ደማቅ ስለሆነ ዛሬ በጣም ከሚፈለጉት መካከል ነው።

ፔልቲየር በኢሊኖይ ኦታዋ የነበረ ሲሆን በገጹ ላይ በተዘረጉ ጥብጣቦቹ ይታወቃል። የ12 የካርቱን ገጸ ባሕርያት ሥዕል ያለባቸውን ብዮችም ያወጣው እሱ ነው። ማርብል ኪንግ በ1949 የመጣ ሲሆን ሁለት ሁለት ቀለም እያጣመረ ይሠራ ነበር፤ ቢጫና ጥቁሩን ባምብልቢ፣ ቀይና ጥቁሩን ዋስፕ ይሏቸዋል። የሚያማምሩ ናቸው፣ በቀላሉም ይገኛሉ፣ ለጀማሪ እነዚህን እመክራለሁ።

የበሬ ደም የሚባል ቀለምም አለ። ብርሃን የማያሳልፍ የዛገ ቀይ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ውስጡ ቀጫጭን ጥቁር ክሮች ይሯሯጣሉ። ጥቁሩ ክር ከሌለ ዝም ብሎ ቀይ ነው።

የድመት ዓይንስ? ንጹህ መስታወት ውስጥ ቅጠል መሳይ ቀለም ያለው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ብይ ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጃፓን የመጣ ነው፣ አሜሪካኖቹም ተከትለው ሠሩት። ስለዚህ የድመት ዓይን ይዞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ክብ መስታወት ሁሉ መጫወቻ አልነበረም። ሂራም ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1870ዎቹ የለስላሳ ጠርሙስ አፍ በብይ የሚዘጋበትን ዘዴ ፈጠረ፤ ከተሰበሩ ጠርሙሶች የወጡ አረንጓዴ ቀመስ ነጠላ ቀለም ብዮች ዛሬም ከመሬት ይቆፈራሉ። የሚረጭ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የሚንኳኳው ኳስም አለ፣ ለፋይበር ግላስ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የነበረውም አለ። ንድፍ የሌለው ግልጽ ብይ ካያችሁ ቶሎ አትደሰቱ።

ብርሃን አሳልፉበት

ብዩን ከመብራት ፊት ያዙት። ከላይ ነጭ ወተት የሚመስለው አንዳንዱ ብርሃን ሲያልፍበት ውስጡ ብርቱካናማ ይሆናል። ከዚያ መብራቱን አጥፉና የአልትራቫዮሌት ባትሪውን አብሩ። ደማቅ አረንጓዴ የሚያበራ ዩራኒየም የተጨመረበት መስታወት ነው። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ግን ከማንጋኒዝም ሊመጣ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ። የአየር አረፋም የዕድሜ ማስረጃ አይደለም፣ አዲስ ብይ ውስጥም ሞልቷል።

መጠንና ሁኔታ

በካሊፐሩ በሁለት ሦስት አቅጣጫ ለኩ፣ በእጅ የተሠራ ብይ ፍጹም ክብ አይሆንም። የተለመደው የመጫወቻ መጠን 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የድሮ የማሽን ብይ ከ25 ሚሊሜትር ካለፈ ብርቅ ነው፣ በእጅ የተሠራው ግን 50 ሚሊሜትርም ሊደርስ ይችላል።

ሁኔታው ከሁሉም በላይ ዋጋውን ይወስናል። ብዙ ሰብሳቢ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፦ ከ9 በላይ እንከን አልባ፣ 8ና ከዚያ በላይ ለዚያ የቀረበ፣ 7 ደህና፣ ከዚያ በታች ቦታ መሙያ። ሽራፊ፣ ጭረት፣ እንዲሁም ከገጹ ሥር የሚታይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የመመታት ምልክት ነጥብ ይቀንሳሉ። ሲሠራ አብሮት የመጣ እጥፋት ግን እንደ ጉዳት አይቆጠርም።

አሁን ወደ መወልወሉ ልመለስ። ጭረት ለማጥፋት ብይ ሲሞረድ የመጀመሪያው ገጽ ይሄዳል፣ ፖንቲሉም አብሮ ይሄዳል፤ ያ ማለት መታወቂያው ጠፋ ማለት ነው። ጭረት ያለበት ግን ያልተነካ ብይ ከተወለወለው ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም። ሲያቀርቡላችሁ ከመጠን በላይ የሚያንጸባርቅ፣ በሁለቱም ጫፍ ምንም የሌለው “በእጅ የተሠራ” ብይ ካያችሁ ጠይቁ። በእሳት እንደገና አሙቀው ጉዳት የሚደብቁም አሉ።

አስመስለው የሚሠሩት ደግሞ ውዱን ነው። ሰልፋይድ ዛሬም ይሠራል፣ ስለዚህ የፖንቲሉን አጨራረስና የገጹን መጎሳቆል አብራችሁ እዩ። በካርቱን ብዮች ላይ ዋናው ሥዕል በእሳት የተጋገረ ስለሆነ በጥፍር አይነሳም፤ የሐሰተኛው ቀለም ብዙ ጊዜ ይላጣል።

መሰብሰብና ማስቀመጥ

ሁሉን አትሰብስቡ። አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ዓይነት ምረጡ፣ ለምሳሌ አክሮን ብቻ ወይም ላቲቺኒዮን ብቻ። ከዚያ ለማነጻጸሪያ ምንነታቸው በእርግጠኝነት የታወቀ ጥቂት ብዮችን ከታመነ ሻጭ ያዙ። አዲስ የመጣውን ከእነሱ አጠገብ አስቀምጦ ማየት ከመቶ ፎቶ ይበልጣል፣ ፎቶ ጫፎቹን አያሳይማ።

ጠርሙስ ውስጥ አትከምሯቸው፤ ለየብቻ ክፍል ያለው፣ ስፖንጅ የተነጠፈበት ሳጥን ያስፈልጋል። መስኮት ሥርም አይቀመጡ፣ ንጹህ የመስታወት ኳስ የፀሐይን ጨረር አንድ ቦታ ሰብስቦ ጨርቅ ወይም ወረቀት ሊያቃጥል ይችላል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡና ደብተር ላይ ጻፉ፦ መጠኑ፣ ዓይነቱ፣ ጫፎቹ ላይ ያያችሁት፣ ከማን እንደመጣ፣ ነጥቡ። ከሳጥኑ ጋር የተገኘ ብይ ካለ ሁለቱን አትለያዩ፤ አንዳንዴ የፋብሪካው ሳጥን ከብዮቹ ይልቅ ብርቅ ነው። ያልለያችሁትን ደግሞ ለብቻ አስቀምጡና ጥርጣሬያችሁን በእርሳስ ጻፉበት፣ ሌላ ናሙና ሲመጣ አጥፍታችሁ ታስተካክሉታላችሁ።