ሥር በሚያበረቱ የዕፅዋት ስኳሮች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የወጥ ቤት ስኳር በጥብጦ ሥር ላይ ማፍሰስ ነው። ተክል ስኳሩን በብርሃን አማካኝነት ቅጠሉ ላይ ይሠራል፤ ወደ ሥሩም ራሱ ያወርደዋል። አፈር ላይ የፈሰሰውን የሚሻሙት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። እነሱ ሲባዙ የአፈሩን ናይትሮጅን ይወስዱበታል፤ ተክሉም ይገረጣል። ስኳሩ ከበዛ ደግሞ ውሃ ከሥሩ ይስባል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል።

«ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ስኳር ይሰጠው የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጡት የታወቀው የብልቃጥ ተክል መመገቢያ ድብልቅ በሊትር 30 ግራም ስኳር አለው። እዚያ ግን ብልቃጡ ከጀርም የጸዳ ነው፤ ቡቃያዋም ራሷን መመገብ ገና አልቻለችም።

በጣም የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፦ ኦሊጎሳካራይድ ሁሉ ሥር ያበዛል ብሎ ማመን። ኦሊጎሳካራይድ አጭር የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ለምሳሌ የሴል ግድግዳ ሲሰባበር ይገኛል። ተክሉ እንደ መልእክት ነው የሚቀበለው። መልእክቱም በሰንሰለቱ ዓይነትና ርዝመት ይለያያል። ጋላክቶግሉኮማናን ከተባለው የእንጨት ረጅም የስኳር ሰንሰለት የተገኙ ቁርጥራጮች ሥር ሲያስረዝሙ ታይተዋል። የፔክቲን (የሌላ የሴል ግድግዳ ሰንሰለት) ቁርጥራጮች ግን በትምባሆ ቅጠል ላይ ተሞክረው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ሥር እንዳያስወጣ አግደዋል። ስለዚህ «ኦሊጎሳካራይድ አለበት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከምን እንደተሠራ ጠይቁ።

መጠን ማብዛትም ያው ስህተት ነው። ዛይሎግሉካን ከተባለው የሴል ግድግዳ ሰንሰለት የተገኘ፣ ዘጠኝ ስኳር ያለው አንድ ቁራጭ በ1 ናኖሞላር ገደማ፣ ማለትም ከቁጥር በማይገባ መጠን፣ የአተር ግንድ እድገትን ሲገታ ታይቷል። ይህን ያህል ስስ ነገር በግምት አይጨመርም። መለኪያ ያዙ።

የባሕር አረም ዱቄት የሚነሰንሱም አሉ። ዱቄቱ ግን ኦሊጎሳካራይድ ማለት አይደለም፤ አልጂኔት የሚባለው ስኳሩ ረጅም ሰንሰለት ነው። ወደ አጫጭር ቁርጥራጭ የሚለወጠው ለምሳሌ በኢንዛይም ወይም በጨረር ሲቆረጥ ነው።

ማዳበሪያውን መተውም አያዋጣም፤ በነዚህ ሰንሰለቶች ውስጥ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም የለም። የተበጠበጠውንም አታሳድሩት፣ ይበላሻል።

የመጨረሻው፣ ሳያነጻጽሩ መፍረድ ነው። በአንድ ቀን ከተቆረጡት የተክል ቅርንጫፎች ግማሾቹን በኦሊጎሳካራይዱ፣ ግማሾቹን በውሃ ብቻ አሳድጉ። ሥር ሲያወጡ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነቅላችሁ እጠቡና በማስመሪያ ለኩ።