ለስፓኒሽ ተማሪዎች፦ የኢምፐርፌክቶ አረባብ

ስፓኒሽ የምትማሩ፣ «እሠራ ነበር፣ እንኖር ነበር» የምትሉበትን ኢምፐርፌክቶ አትፍሩት። ከኃላፊ ጊዜዎቹ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። በአር የሚያልቅ ግስ ከሆነ አሩን ቆርጣችሁ በእኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ተራ አባ፣ አባስ፣ አባ፣ አባሞስ፣ አባይስ፣ አባን ቀጥሉበት፤ አብላር (መናገር) አብላባ ይሆናል። በኤርም በኢርም ቢያልቅ ኢያ፣ ኢያስ፣ ኢያ፣ ኢያሞስ፣ ኢያይስ፣ ኢያን ነው፤ ኮሜር (መብላት) ኮሚያ ይላል። ስትጽፉ በኢያ ወገን ኢዋ ላይ ያለችውን ጭረት በስድስቱም እንዳትረሱ፤ በአባ ወገን ግን የምትገባው አባሞስ ላይ ብቻ ነው።

«እኔ» እና «እሱ» አንድ ቅርጽ ስላላቸው፣ የሚያሻማ ከሆነ ዮ ወይም ኤል ጨምሩ። ደስ የሚለው ደግሞ በአሁን ጊዜ መሃላቸው የሚለዋወጠው እንደ ፖዴር (መቻል) ያሉት ግሶች እዚህ ንክች አይሉም፦ ፖዲያ። ከሕጉ የሚወጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሴር (መሆን) ኤራ፣ ኢር (መሄድ) ኢባ፣ ቤር (ማየት) ቤኢያ ይላሉ።