ሴሊያክ፣ እንጀራና የቤት ውስጥ የጂን ምርመራ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የምግብ ምክር ስሰጥ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ስህተት ከደም ምርመራ በፊት ስንዴን ማቆም ነው። ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ሲበላ ሰውነት የራሱን ቀጭን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው በዚህ ጊዜ የሚመነጩትን አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች) ስለሆነ፣ ግሉተን ያቆመ ሰው አንቲቦዲው እየቀነሰ ሄዶ ሕመሙ እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚወሰደው የአንጀት ናሙናም አገግሞ ሊገኝ ይችላል። አንዲት እህት ዳቦና ፓስታ እርግፍ አድርጋ ከተወች ከሁለት ወር በኋላ ሆዷ ቀለል ብሎላት ደስ እያላት መጣች፤ የደም ውጤቷ ግን ምንም አላሳየም። ሐኪሟ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ዳቦ በልታ እንድትመለስ ሲያዛት «ያመመኝን መልሼ ልብላው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ደውላ ስታለቅስ ሰማኋት። ይህን ሁሉ ሥቃይ አስቀድሞ የተሰጠ አንድ ብልቃጥ ደም ያስቀረው ነበር። እባካችሁ፣ ሆዳችሁ እየተነፋም ቢሆን መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ግሉተን አቁማችሁ ከሆነም ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ ደም አትስጡ።

ይህችን እህት ዳቦ ያስተዋት ምራቋን በፖስታ ልካ ያሠራችው የጂን ምርመራ ነበር። ለሴሊያክ የሚያጋልጠውን፣ ከወላጅ የሚወረሰውን ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባለውን ጂን መያዝ ግን መታመም አይደለም፤ ከአውሮፓ ዘር ከሆኑ ሰዎች ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ጂኑ ሲኖራቸው፣ ሴሊያክ ያለበት ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ጂኑ ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ በሕክምና ላቦራቶሪ ተሟልቶ ተሠርቶ ሁለቱም ካልተገኙ ሕመሙ የለም ለማለት ይቻላል። በዚህም የተነሣ ሴሊያክ የተረጋገጠበት ሰው ልጆች ጂኑ ከሌላቸው በየጊዜው ደም ከመስጠት ያርፋሉ። ከቤት ምርመራዎች አንዳንዶቹ ግን የጂኑን ዓይነቶች ሁሉ ስለማያዩ፣ «አልተገኘም» የሚለውን ወረቀት ሐኪም ሳያየው መደምደሚያ አታድርጉት።

ጠላ ብቅሉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ስለሆነ አይጠጣም፤ ቢራም ያው ነው። «ስንዴ የለውም» የሚል ማሸጊያ ገብስ ሊኖረው ስለሚችል አይበቃም፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት «ግሉተን ፍሪ» የተባለ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ሊኖረው ይገባል። «ለበዓል ትንሽ ድፎ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝም አሉ፤ ሆድ ባያምም አንጀት ይጎዳል።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩት በእንጀራ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ይህን ስለማውቅ ለአንዲት ሕመምተኛ «ቤት የተጋገረ ንጹሕ ጤፍ ይብሉ» ብዬ ሸኘኋት፤ ከስድስት ወር በኋላም አንቲቦዲዋ አልወረደም። ቤቷ ሄጄ አማቷ ሲያቦኩ አየሁ። ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ነበር፤ ከዚያ ከአንድ ነጭ የፕላስቲክ ጣሳ ቢጫ ውኃ የቋጠረ እርሾ ጨመሩበት።

«እማማ፣ እርሾው ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው።

«ከባለፈው ሊጥ ነዋ ልጄ፤ ለልጆቹ ከገብስ ጋር ካቦካሁት።»

ምጣዱም የሁሉም ነበር፤ የማሰሻው ጨርቅም እንደዚሁ። እማማ ደንግጠው ጣሳውን ሊደፉት ተነሡ፤ እኔም ስለ እርሾው አስቀድሜ አለመጠየቄን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በዚያው ቀን የጤፍ ዱቄት በውኃ ብቻ በጥብጠው በአዲስ ዕቃ አዲስ እርሾ ጀመሩ፤ ለምራታቸውም ምጣድና ማሰሻ ለዩላት። አሁን ስለ ዱቄቱ ከመጠየቄ በፊት ስለ እርሾው እጠይቃለሁ።