መርዝ የጠጣ ሰው ሲያጋጥም፦ የመጀመሪያ ዕርዳታና ማድረግ የሌለብን

ደህና የነበረ ሰው በድንገት ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ መመረዝን ጠርጥሩ። አፉ ዙሪያ የተቃጠለ ነገር፣ የላምባ ሽታ ያለው ትንፋሽ፣ አጠገቡ የተገኘ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ላቡና ምራቁ ያለልክ ከፈሰሰ፣ የዓይኑ ብሌንም እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ፀረ-ተባይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎችን ሁሉ በአንዴ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው የከሰል ጭስን አስቡ።

ጭስ ከሆነ በሩንና መስኮቱን በርግዳችሁ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ እናንተም ውስጥ አትቆዩ። ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፦ አታስመልሱት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። የባትሪ አሲድ ወይም የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። ላምባና ቤንዚን ቀጭን ስለሆኑ በሚያስመልስበት ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባሉ፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ጥቂት ላምባ ሆድ ውስጥ ካለው ብዙ ላምባ ይከፋል። ራሱን የሳተ ሰው በትውከቱ ሊታፈን ይችላል። ጨው በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ራሱን የቻለ መርዝ ነው፤ የደምን ጨው ከፍ አድርጎ ሊገድል ይችላል። ወተትም ባለሙያ ካላዘዘ ይቅር። ሐኪም ቤት የሚሰጠው የከሰል ዱቄት ለሕክምና የተዘጋጀ ስለሆነ የማገዶ ከሰል ፈጭቶ መስጠት አይተካውም።

ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። መተንፈስ ካቆመ ደረቱን መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ ለአዋቂ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ነው። አፉ ላይ መርዝ ካለ አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡ።

ፀረ-ተባይ የነካው ልብስ በጓንት ይውለቅ፣ ገላው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ። ዓይን ከሆነ ለ20 ደቂቃ ለብ ያለ ውኃ አፍስሱበት፤ ሁለት ደቂቃ አጥቦ መተው አይበቃም።

የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መቼና ምን ያህል እንደወሰደም ንገሩ። ብዙ ፓራሲታሞል የዋጠ ሰው «ደህና ነኝ» ቢላችሁ እንኳ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው፤ ማርከሻው ደግሞ የተሻለ የሚሠራው ከዋጠበት ጊዜ አንስቶ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።