የህንድን የካስት ኮታ ለምትከራከሩ

ድሬዳዋ ሳቢያን ላይ የተማሪዎች ክርክር አዘጋጃለሁ። ከአሥር ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ በድሬ ሙቀት ማን ያስባል!

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ካስት ማለት በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ ነው። በህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ተቋማት ካለው የትምህርትና የሥራ መቀመጫ 15 በመቶ ለዳሊቶች (ከካስቱ ሥር ተደርገው «አይነኩም» ተብለው ለተገለሉት)፣ 7.5 ለጎሳ ማኅበረሰቦች፣ 27 ለሌሎች ኋላ ቀር ለተባሉ መደቦች። እ.ኤ.አ. በ2019 ከእነዚህ ውጪ ላሉ ድሆች 10 ተፈቀደ።

«ኮታውን የሚበላው የሀብታም ልጅ ነው» የሚል አይጠፋም። ወዲያው «የትኛውን ኮታ?» በሉት። ከ27 በመቶው ኮታ ሀብታሞቹ እንዲወጡ ይደረጋል፤ በዳሊቶቹ መግቢያ ግን የገቢ ማጣሪያ የለም። ዋናው ፍልሚያ እዚህ ነው፤ ገንዘብ ያገኘ ዳሊት ከንቀት ይድናል ወይ? ለዚህ ሰፊ ሰዓት ስጡ።

የእኛን የሴቶች የመግቢያ ነጥብ ቅናሽ የሚያነሳ ካለ፣ እሱ ነጥብ ይቀንሳል እንጂ ለካስት መቀመጫ አይመድብም በሉትና እለፉ።

በመጨረሻ ተከራካሪዎቹን ጎራ አቀያይሯቸው። ያኔ ነው ጉዱ!